ቀዩ መስመር የጠፋ ሰሞን

ስልኬ የጠራው አንኮበር፣ አያቴ ቤት፣ በረካው ሊቀዳ ሲል ነው። ደብረ ብርሃን ሱቅ ያላቸው ደንበኛዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ያንተ ሲስተም ከካዝናው 1,400 ብር ጎድሏል ይላል። ልጅቷ ታለቅሳለች።»

ልጅቷ የሱቁ ሻጭ ናት። የጎደለው ከደመወዟ ሊቆረጥ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ እስክመጣ እንዳይቆርጡባት» ብዬ ተነሳሁ። አያቴ «በረካውን ሳትጠጣ?» እያለች ቀረች። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ሰሞኑን ቪም ላይ ስጽፍ አንድም ቀይ መስመር አላየሁም ነበር። ጎበዝኩ ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ኢኤስሊንት ኮድን ሳያስኬድ አንብቦ ስህተት የሚጠቁም ፕሮግራም ነው። ሲጨርስ ለጠራው ፕሮግራም አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል፦ ስህተት ከሌለ 0፣ ካለ 1። ድሮ ራሱ ሊንተሩ ሲወድቅም የሚመልሰው ያንኑ 1 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 5ኛው ስሪት ለያቸው፤ «ጭራሽ መመርመር አልቻልኩም» 2 ሆነ። ትክክለኛ ለውጥ ነው። ማስታወሻው ላይም በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ አላነበብኩትም እንጂ።

ቪምን ከሊንተሩ ጋር የሚያገናኘውን ስክሪፕት የጻፍኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። 1 ሲመጣ መልእክቱን ያሳያል፤ ለሌላው ሁሉ ዝም። የጋሼን አሮጌ ፕሮጀክት ከ4ኛው ስሪት ሳሳድግ ኔትወርክ ተቆራርጦ አንድ ፕለጊን ሳይጫን ቀርቷል። ፋይል ባስቀመጥኩ ቁጥር ሊንተሩ 2 ብሎ ይወድቃል፣ ስክሪፕቴ ዝም ይላል፣ እኔ እጎብዛለሁ።

ማታ ጋቢ ተከናንቤ ሊንተሩን ተርሚናል ላይ በእጄ አስኬድኩት። ፕለጊኑ የለም አለ። ስጭነው ቀዩ መስመር ፋይሉን ሞላው። ተመላሽ ዕቃ ከሽያጭ የሚቀነስበት ቦታ ላይ የአንድ ተለዋዋጭ ስም ውስጥ ፊደል ገድፌያለሁ። ፕሮግራሙ እዚያ ጋ ጮሆ መቆም ነበረበት። ግን ስህተት ቢፈጠር ዝም ብለህ እለፍ የሚል ባዶ ብሎክ ዙሪያውን ያጠርኩለት እኔው ነኝ። የተመለሰው ብርድ ልብስ እንደተሸጠ ተቆጠረ።

ስክሪፕቱን አስተካከልኩት። አሁን ከ0 እና ከ1 ውጭ ምን ቢመጣ ስክሪኑን ሙሉ ቀይ ያደርገዋል፤ ያስጠላል።

ጠዋት ሱቁ ስደርስ ልጅቷ ተመላሹን ከነቀኑና ከነዋጋው ደብተሯ ላይ ጽፋ ይዛዋለች። ጋሼ መሬት መሬት እያዩ «ነግራኝ ነበር» አሉ፤ «ሲስተሙ ይሻላል ብዬ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ታዲያ ደብተሩን ልተወው?» አለችኝ።

«ኧረ ቀጥይ» አልኳት።