«ያጽናሽ»

እናቴ ያረፈች ሰሞን በእጄ የነበረው ሥራ ሰው መከራን እንዴት እንደሚወጣው የሚያስተምር መጽሐፍ ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ በምኖርባት ጠባብ ቤት ተቀምጬ፣ ከስደተኞች ጋር ለሚሠሩ አሠልጣኞች የተዘጋጀ ስድሳ ገጽ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። «ሪዚሊየንስ» የሚለው ቃል ያልገባበት ገጽ የለም። የላቲን ሥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝለል ማለት ነው፤ ለጥጠው ሲለቁት ወደ ቦታው እንደሚመለስ ላስቲክ። «የመቋቋም አቅም» ብዬ ጻፍሁ፤ ስለ ድልድይ የማወራ መሰለኝ። «አይበገሬነት» አልሁ፤ የዘመቻ መፈክር ሆነብኝ። «ጽናት» የሚለውንም አስቤው ነበር፤ የሰማዕታት ገድል ይሸትታል ብዬ ተውሁት። ቦታውን ባዶ ትቼ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አራት ሴቶች ቆመዋል። የሀገራችን ሰው በዚያ ሰዓት ሳይደውል ከመጣ የመጣበት ጉዳይ አይጠየቅም።

ደሴ መሄድ አልቻልሁም። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር ከኬንያ ብወጣ መመለሻዬ አስተማማኝ አልነበረም። እዚሁ ፍራሽ ተነጥፎ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። ኬንያዊት ጎረቤቴ በትልቅ ፔርሙስ የወተት ሻይ ይዛ መጣችና «ፖሌ» ብላኝ ዝም አለች። ይህች የስዋሂሊ ቃል ለተደናቀፈም፣ ለታመመም፣ ሥራ ለበዛበትም ትባላለች፤ ምክር የለባትም። የእኛዎቹ ደግሞ ሲገቡም ሲወጡም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማውና ስለው የኖርሁት ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰዋስው ሆኖ ታየኝ (አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ የሙያ በሽታ ነው)። «ጽኚ» ያለኝ የለም። አጽኚው እግዚአብሔር ነው፤ የምጸናው እኔ ነኝ፤ ለማኙ ደግሞ ፍራሹ ዳር የተቀመጠው ሰው። መጽሐፉ እያንዳንዱ ሰው ከውስጡ እንዲያወጣ የሚጠይቀውን ነገር በእኛ ቋንቋ ሌላ ሰው ደጅ አንኳክቶ ያመጣዋል። ያው ሥር ለበሽታም ያገለግላል። በመጨረሻው ሳምንት እኅቴ በስልክ የነገረችኝ «ጠንቶባታል» ብላ ነበር።

ለተዝካሩ ገንዘብ ያስፈልግ ስለነበር በአራተኛው ቀን ማታ ወደ ሥራው ተመለስሁ። በዚያ ሌሊት ከዩኒቨርሲቲ ዘመኔ አንድ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1759 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እናቱ በትውልድ ከተማው በሊችፊልድ ሞተችበት። እርሱ ለዓመታት ሳያያት ለንደን ተቀምጦ ነበር። የቀብሯን ወጪና የተወችውን ጥቂት ዕዳ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው የሚባለው ታሪክ «ራሴላስ» ነው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው። ልዑሉ ሁሉ ነገር በተሟላበት የአማራ ሸለቆ ተዘግቶ ሳለ ደስታ አጥቶ ያመልጣል፤ ካይሮ ድረስ ሄዶ ደስተኛ ሰው ይፈልጋል። እዚያም ስሜትን በአእምሮ ስለመግዛት የሚያስተምር ፈላስፋ ያገኛል። ሌላ ቀን ተመልሶ ቢሄድ ፈላስፋው አንዲት ልጁ በንዳድ ሞታበት በደበዘዘ ክፍል ተቀምጧል፤ ያ ሁሉ ትምህርቱ አንዳች አልጠቀመውም። ተማሪ ሳለሁ በዚህ ክፍል እስቅ ነበር። ጆንሰን በእናቱ ሞት ሰሞን እንደጻፈው አላሰብሁም።

ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ራሱ ትርጉም ነው፤ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ የመለሰበት። ሎቦ በ1624 ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መጀመሪያ የሞከረው ከዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ፣ ከፓቴ ደሴት ተነሥቶ ነበር፤ አልሆነለትም። እኔም ከዚሁ አገር ወደ ቤቴ መድረስ አቅቶኝ ስለነበር ሰውየው ዘመድ መሰለኝ።

የራሴላስ ሸለቆ የነገሥታት ልጆች ይታገዱበት የነበረው የአምባ ግሸን ጥላ አለበት፤ ጆንሰን ተራራውን ሸለቆ አደረገው። እናቴ መስከረም 21 በመጣ ቁጥር ወደዚያው ተራራ ትወጣ ነበር። ልዑሉ ሊያመልጥበት የደከመለትን ቦታ እርሷ ወዳ በእግሯ ትሄድበታለች። እግሯ አብጦ ትመለስና ደስ ብሏት ትሰነብታለች። እዚያ ምን እንደምታገኝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ስለ በርበሬ ዋጋ ግን በየሳምንቱ በስልክ እንነጋገር ነበር።

ትርጉሙን «ጽናት» ብዬ ጨረስሁ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ በምንጩ የሌለ «ያጽናችሁ» የሚል ቃል ጨመርሁበት። አራሚው ሰረዘው፤ ልክ ነበር። ክፍያው ሲመጣ ለእኅቴ ላክሁላት። ደሴ ላይ ተዝካሩ በተበላበት በአርባኛው ቀን፣ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነውና፣ የጎረቤቴን ፔርሙስ ቡና ሞልቼ በሯን አንኳኳሁ። ስኳር አብዝታ ጠጣችው።