ስለ ተማረ ልጅና ስለ ወገን ጥቅም

ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ ሁለት ተስፋ ይዞ ነው፤ አንደኛው ልጁ እንጀራውን እንዲያገኝ፥ ሁለተኛውም የወገኑን ችግር እንዲያቃልል ነው። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የሚኖር ገበሬ በጉን እየሸጠ ልጁን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሲያደርስ በልቡ ያለው ይኸው ነው። ነገር ግን ልጁ ዲግሪውን በተቀበለ ጊዜ ሁለተኛውን ተስፋ ረስቶ፥ ስለ አንደኛው ብቻ የመሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠና ይታያል። ቀጣሪው ጥቂት፥ ተመራቂውም ብዙ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተስፋዎች ሳይፈጸሙ ይቀራሉ።

በዘመናችን ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን ተስፋዎች በአንድነት የሚያስተባብር ነው። ይኸውም የወገንን ችግር የሚያቃልል ሥራ መርጦ፥ ሥራው በራሱ ትርፍ ጸንቶ እንዲኖር ማድረግ ነው። ምጽዋት መልካም ነው፤ ሰጪው እጁን በሰበሰበ ቀን ግን ሥራው ይቋረጣል። ትርፍ ብቻ የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ ሥራውን ያጸናል፥ ወገኑን ግን ይረሳል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን በባንግላዴሽ ተደርጓል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 መሐመድ ዩኑስ የሚባሉ የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ መምህር፥ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወዳለችው ወደ ጆብራ መንደር ሄዱ። በዚያም ከቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ቀርከሃውን ከነጋዴ በዱቤ እየወሰዱ፥ የሠሩትንም እርሱ በወሰነው ዋጋ መልሰው ለርሱው እየሸጡ፥ ቀኑን ሙሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። ከመምህሩ ተማሪዎች አንዲቱ በመንደሩ ዞራ የባለ ዕዳዎቹን ስም ጻፈች፤ ቍጥራቸው 42፥ ዕዳቸውም በጠቅላላው 27 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህሩም ገንዘቡን ከኪሳቸው አበደሩ። ከዚህ ትንሽ ነገር ግራሚን ባንክ ተወለደ፤ በ2006ም ባንኩና መምህሩ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈሉ። እንግዲህ የታላቁ ሥራ መጀመሪያ የገንዘብ ብዛት ሳይሆን፥ አንዲት ተማሪ የጻፈችው የስም ዝርዝር እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል።

በአገራችንም ተማሪ ወገኑን ሳያገለግል አልቀረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም መምህራን ሆኑ። ይህ መልካም ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ዓመቱ ሲፈጸም ተማሪው ይመለሳል። ዛሬ የሚፈለገው ተማሪው ከሄደ በኋላ እንኳ በመንደሩ የሚቀር ሥራ ነው።

እንዲህ ያለውን የሚጸና ነገር ለመማር የመንዝ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጓሳን ይመልከት። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ዝናብ ለሚከላከለው ለጌሳም ይሆናል። የአካባቢው ሰዎች ከ300 ዓመት በላይ ባቆዩት ደንብ መሬቱን ለዓመታት ከልለው፥ ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ከፍተው በሥርዓት ያጭዱ ነበር፤ ጠባቂውንም አለቃ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ የቀድሞ ደንብ ፈረሰ፥ ሣሩም ተጐዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ እንደ ገና መክሮ፥ ኮሚቴ አቁሞ ጠበቀው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበትም ስፍራ ሆኖ በዓለም ታወቀ። እንግዲህ ተማሪው ወደ መንደሩ ሲመለስ ለማስተማር ከመቸኰሉ በፊት፥ አባቶቹ የሚያውቁትን ይጠይቅ።

ከዚህም ቀጥሎ የበጉን ጠጕር ይመልከት። የመንዝ በግ ጠጕሩ ተባዝቶ፥ ተፈትሎ፥ ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ባናውም የደጋውን ብርድ ያስታግሣል። ሒሳብ የተማረ ልጅ የፈታዮችንና የሸማኔዎችን ማኅበር መዝገብ ቢይዝ፥ ምሕንድስና የተማረውም የማባዘቻውንና የመፍተያውን መሣሪያ ቢያሻሽል፥ ንግድ የተማረው ደግሞ በአዲስ አበባ ገዢ ቢፈልግ፥ ለሥራው ደመወዙን ከትርፉ ቢወስድ ነውር የለበትም። ነገር ግን ባናው በስንት እንደ ተሸጠ ለፈታይዋ ከሰወረ፥ የዩኒቨርሲቲ ካባ የለበሰ ሌላ ደላላ ሆነ እንጂ የወገን ረዳት አልሆነም። ስለዚህ መዝገቡ በማኅበርተኞቹ ሁሉ ፊት ይነበብ፤ ትርፉም በፊታቸው ይከፈል።

የተማራችሁ ልጆች ሆይ፥ ለክረምት ወደ አገራችሁ ስትመለሱ፥ በገበያ ቀን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዛችሁ መሐል ሜዳ ገበያ ውሉ። ባና የምትሸጠውን እናት ጠጕሩ በስንት እንደ ተገዛ፥ ስንት ቀን እንደ ፈተለችው፥ ለሸማኔው ስንት እንደ ከፈለች ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያም ያው ባና በከተማ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ ከጐኑ ጻፉ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የምትሠሩትን ሥራ ያሳያችኋል።