ባለመኪናው ማነው?

በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በጎንደር ከተማ ከፒያሳ ቁልቁል ከሚወርዱት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ነበር። ሃያ ደቂቃ ለመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አይደለችም፤ ለአንዲት ፊርማ ከዚህ የበለጠ እንደምናስቆም ባለጉዳዮቻችን ያውቃሉ። ዳሩ ግን የዚያን ቀን በተሳፈርሁበት ባጃጅ ውስጥ የጎረቤቴ ሚስት ምጥ ይዟት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ለሥራ ወደ መተማ ሄዶ ስለ ነበር፣ እናቱ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ቶሎ በል፤ የሚያደርሰን ፈልግ» ባሉኝ ጊዜ እግሬ እንዳደረሰኝ ሮጬ ባጃጅ አመጣሁ። ነፍሰ ጡሯንና እማማን ከኋላ አስቀምጠን፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ተንጠልጥዬ ተነሣን። ሾፌሩ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ዕድሜው ከሃያ ሁለት የማይበልጥ ልጅ ነው። መንገዱ ወደ ዋናው አስፋልት በሚወጣበት አፍ ላይ ስንደርስ አንዲት ነጭ አውቶሞቢል በመካከሉ ቀጥ ብላ ቆማለች። በግራዋ የድንጋይ አጥር፣ በቀኝዋ የውኃ ቦይ አለ፤ ሰው በጎኑ ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። ተመልሰን በሌላ በኩል እንዳንዞር ያኛው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሯል።

ልጁ ጡሩምባውን አንባረቀ። ከሱቅም፣ ከጠላ ቤትም፣ ከየግቢውም ሰው ወጣ። እንደምታውቁት በከተማችን ሰው ለመሰብሰብ ብዙ ምክንያት አያስፈልግም።

«የዛሬ ልጅ!» አለ አንዱ።

«አባቱ የገዛለት ይሆናል፤ ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኛት ቢሆን እንዲህ አይጥላትም» አለ ሌላው።

«ጫት ቤት ገብቶ ነው እንጂ የት ይሄዳል!» አለች ባለሱቋ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ አንድ ጎረምሳ ሥዬ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጌለት፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ሲመጣ ታየኝ። የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚህ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ከኋላዬ እማማ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ ምራታቸውም የባጃጁን ብረት አንቃ ይዛ ጥርሷን ነክሳለች።

በመጨረሻ ባለመኪናው መጣ። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ባለመኪናው መጡ። ከታች ካለው የለቅሶ ድንኳን ኩታቸውን እንደ ኀዘንተኛ ያጣፉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ እኛ ወጡ። ጫጫታው እንደ ተቆረጠ ክር ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ከፈለላቸው። ቅድም ከሁሉ በላይ ሲራገም የነበረው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ። እርሳቸውም በየደረጃው እየቆሙ «እንዴት ዋላችሁ፤ እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ መለሱ። ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ባይቸግርዎ ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጓት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኋቸውም። ያዘጋጀሁት ንግግር ለሌላ ሰው ነበርና ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በዚህ ጊዜ የባጃጁ ልጅ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ «አባባ፣ ምጥ የያዛት ሰው ጭኛለሁ!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ይፍረድ። ሕዝቡ በአንድ አፍ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ! በሽማግሌ ላይ ትጮኻለህ? አሳዳጊ የበደለህ!» መንገዱን የዘጋው ሰው ተረሳና ጥፋተኛው ልጁ ሆነ። ሽማግሌው ብቻ ክው ብለው ቀሩ። «ምን አላችሁ? ምጥ? ታዲያ ስለ ምን አልነገራችሁኝም?» አሉና ቁልፋቸውን ለማውጣት ኪሳቸውን ይፈትሹ ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አግኝተውም ወደ መኪናዋ አልሄዱም፤ ወደ ልጁ ዘረጉለት። «እንካ ልጄ፣ አንተ አንሣት፤ እኔ ወደ ኋላ አልችልም።» ልጁ ዘልሎ ገብቶ፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አውቶሞቢሏን ወደ ኋላ ነድቶ አጥር ጥግ አስጠጋት።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጅቱ ከቃሬዛ ሳትወርድ፣ ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ ተገላገለች። ሴት ልጅ ነች፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሃያ ደቂቃ ተጨማሪ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የዘጋነው መንገድ ላይ ትወለድ ነበር፤ ከዚህም የባሰ ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ በኋላ ለእማማ ነግሯቸዋል።

በአራስነቷ ሳምንት ሽማግሌው አጠያይቀው ቤቱን አግኝተው ለገንፎ የሚሆን አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጡ። እኔም ለወግ ተጠርቼ ነበርና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ድፍረት አግኝቼ «አባባ፣ መኪናዋን ስለ ምን እዚያ አቆሟት?» አልኋቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ አሜሪካን አገር ነው። በእግሬ እንዳልቸገር ብሎ ገዛልኝ። መንዳት የተማርሁት በስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ወደ ፊት እሄዳለሁ፤ ማን ያቆመኛል! ወደ ኋላ ግን አንገቴ አይዞርልኝም። ዓይኔን መርምረውኛል፤ አንገቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ እንደ ገባሁ ቀጥ አድርጌ እተዋታለሁ።»

«ሰው አልተናገረዎትም?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው የማቆማት። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እጅ ይነሣኛል። መንገዱ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።»

ይህ የመጨረሻው ቃላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት የሚነሣ አንድ የታወቀ ክርክር አለ፤ ይኸውም መኪና እንዳሻው የሚያቆመው ወጣቱ ነው ወይስ ሽማግሌው የሚል ነው። የቀለም ትምህርት የቀመስን ስለሆንን ማስረጃ እንጠቅሳለን። በእርግጥም በብዙ አገሮች በተነዳው ርቀት ልክ ሲሰላ አደጋ የሚበዛው እጅግ ወጣት በሆኑትና ሰባ ዓመት ባለፉት ነጂዎች ዘንድ ነው። ዳሩ ግን ይህ ስለ ሩጫ ነው፤ እኔ የምለው ስለ መቆም ነው። መኪና ስትሄድ የዓይንና የእጅ ፍጥነት ይፈርዳል፤ ስትቆም የሚፈርደው ከኋላህ የሚመጣ ሰው መኖሩን ማሰብህ ነው። ለዚህ ደግሞ የባጃጁ ልጅ ከሽማግሌው የተሻለ ሆኖ የተገኘው ደግ ስለሆነ አይመስለኝም። ልጁ በቀን ሃምሳ ጊዜ «አንሣ!» ይባላል። ትራፊኩ ይለዋል፣ ባለሱቋ ትለዋለች፣ መንገደኛው መስኮቱን ይደበድብበታል። እርሱ በዱላም በስድብም የት እንደሚቆም ተምሯል። ሽማግሌውን ያስተማረ ግን የለም።

በጎንደር ታላቅን «አንቱ» ማለት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው፤ ይህንንም የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ግን ልብ ብዬ ሳየው ለወጣት «አንሣ!» የሚለው ቃል በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ለሽማግሌ «ጊዜ ባገኙ፣ ባይቸግርዎ፣ ፈቀቅ ቢያደርጉልን» እስኪባል ድረስ ጸሐይ ትዘቀዝቃለች፤ ብዙ ጊዜም ጭራሹን ሳይባል ይቀራል። ያ ሁሉ እጅ መንሣት ያንን ሰው ከደነደነ አንገታቸው ጋር ብቻቸውን ትቷቸው ነበር። አንድ ሰው ቀርቦ ቢነግራቸው ኖሮ ቁልፉን ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ልጅ ይሰጡ ነበር።

የጃፓን ሰዎች ለዚህ ነገር አንድ ዘዴ አላቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ አዲስ ነጂ በመኪናው ላይ የለጋ ቅጠል ምልክት ይለጥፋል፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ለሽማግሌ ነጂዎች ሌላ ምልክት ወጣ። የፊተኛው ቀለሙ እንደ በልግ ለምለም፣ የኋለኛው ለብዙ ዘመን እንደ ደረቀ ቅጠል ቢጫና ብርቱካናማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን «ደርቃችኋል ትሉናላችሁን?» ብለው ቅር ስላላቸው በ2011 መልኩ ተለወጠ። የእኛ ሽማግሌ ጃፓን ቢሆኑ ሁለቱንም ቅጠል መለጠፍ ሊኖርባቸው ነው፤ በዕድሜ ሽማግሌ፣ በመሪ ሕፃን ናቸውና። ደግሞስ አገራችን ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በሽማግሌ አይደለምን? ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባመጣት አውቶሞቢል ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሲቀመጡ ዕድሜያቸው ስልሳ አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን የት እናቁማት የሚል ጭንቀት አልነበረም።

ቀድሞ ጎንደር ይህን ነገር በደንብ ታውቅ ነበር። ከፋሲል ግቢ በሮች አንዱ ባልደራስ በር ይባላል፤ ባልደራስ የፈረሶቹና የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። በበቅሎ የሚሄድ መኰንን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይወርዳል፤ አሽከሩም በቅሎዋን ወስዶ ይይዛል። በቅሎ ያለ ያዥ መንገድ ላይ አትተውም፤ ትራገጣለች፣ ወይም ጥላህ ትሄዳለች። የመኪና ክፋቷ ይህ ነው፤ በተዋት ቦታ ዝም ብላ ትጠብቅሃለች። ኋላም ጣሊያን ፒያሳን ሲሠራ የራሱን ቃል ትቶልን ሄደ፤ ዛሬ አውቶፓርኮ የምንለው ሰፈር ስሙ በጣሊያንኛ የተሽከርካሪ ማቆሚያ ግቢ ማለት ነው። ማቆሚያ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ በማቆሚያ መቸገሯ ያስቃል፤ ምጥ ካልተያዘ በቀር።

ሕጉንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ሆነ ከእርሱ ወዲህ የወጡት መንገድ ዘግቶ ማቆምን ለሽማግሌም ለወጣትም አልፈቀዱም። እኔም ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ይህን ደንብ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፤ በ2011 ዓ.ም. አልፌ ፈቃዴን አገኘሁ። የሽማግሌው ነገር በልቤ ስለ ነበረ ወደ ኋላ መንዳትን ከሁሉ አብልጬ ተለማመድሁ። እንግዲህ ስለ ራሴም የምናገረው አለኝ።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. የአክስቴን ልጅ መኪና ተውሼ ወደ ደባርቅ ጉዞ ጀመርሁ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወለቃን አልፎ በኮሶዬ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። በየዳገቱ የጭነት መኪና ረዳቶች ለጎማ ማስደገፊያ አድርገው የተዉት ድንጋይ መንገዱ ላይ ተደርድሯል፤ መኪናው ተጠግኖ ሄዷል፣ ድንጋዩ ለእኛ ቀርቷል። በእያንዳንዱ ድንጋይ ስዞር ባለቤቱን ስረግም፣ «ይህን የሠራው ጎረምሳ ነው ወይስ ሽማግሌ?» እያልሁ ስፈላሰፍ አምባ ጊዮርጊስ ደረስሁ።

ገበያ ቀን ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻይ ቤት አየሁና መኪናዋን ከመንገዱ ዳር፣ ከቦዩ ጥግ በጥንቃቄ አስጠግቼ አቆምሁ። አስፋልቱን አንድ ስንዝር እንኳ አልነካሁም፤ በሥራዬም ኮራሁ። ዝንጅብል የገባበት ሻይ አዝዤ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከዚያ ላይ ሆኜ ነው እርሷን ያየኋት። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ሁለት ግማሽ ማዳበሪያ ገብስ የጫነች አህያ እየነዳች ከታች ከማሳው በኩል ወጣች። በቦዩ ላይ የተጋደመችው ድልድይ መውጫዋ ልክ እኔ ባቆምሁበት ነው። አህያዪቱ ጎንዋ ከመኪናዋ ጋር ተላተመና ቆመች።

ልጅቱ ወደ መኪናዋ ውስጥ ተመለከተች፤ ሰው የለም። ወደ ሻይ ቤቱም ተመለከተች። እኔን አየችኝ፣ ኮቴን አየች። አልተጣራችም። መጫኛውን ፈትታ አንዱን ማዳበሪያ በጀርባዋ አዘለችና ጎንበስ ብላ በመኪናዋና በቦዩ መካከል አልፋ አስፋልቱ ዳር አስቀመጠችው። ለሁለተኛው ተመለሰች። እኔ ለካ ብርጭቆውን በእጄ ይዤ እመለከታለሁ።

ቁልፉን ይዤ ስወጣ ሁለተኛውን አዝላ ከመኪናዋ በር ላይ ተገናኘን። «እኔ ላንሣት፣ ቆዪ» አልኋት። ደነገጠች፤ ማዳበሪያውን ሳታወርድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

«አይ ጋሼ፣ አንቱ ሻይዎን ይጠጡ፤ ጨርሻለሁ» አለችኝ።