ከአንድ ትሪ ለሚበላ ቤት የሚሆን እራት

ደም ብዛት ያለበት ዘመድ ሲመጣ ብዙዎቻችን ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። አንዱ የቤተሰቡ ነው፤ ቅመሙም ጨውም የተሟላለት። ሌላዋ ትንሽ ድስት ጥግ ላይ ትጣድና የእንግዳው ትባላለች። ጨው የላትም፣ በርበሬ አልገባባትም፣ ሽንኩርቷ እንኳ በወጉ አልተቁላላም። እንግዳው አመስግኖ ሁለት ጊዜ ይጎርስና "ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። በበኩሌ ይቺ ትንሽ ድስት ከቤታችን ትውጣልን ባይ ነኝ።

ሰሞኑን የአባቴ ታላቅ እህት ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነስተው እኛ እስካለንበት ጋምቤላ፣ ዲማ ድረስ መጥተው ነበር። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ጋምቤላ እንዲሰፍሩ ከተደረጉት አንዱ ነው። አክስቴ እዚያው ቀሩ። "የወንድሜን ልጆች ዓይን ሳላይ አልሞትም" ብለው አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ሚዛንን አልፈው፣ የበበቃን የቡና እርሻ ተሻግረው ወደዚህ ቆላ ወረዱ። ኪኒናቸው በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል፤ አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል። ሐኪማቸው ጨው እንዲቀንሱ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ምክሩን ተቀብለዋል፣ በቃል።

በቃል ያልኩት ወድጄ አይደለም። ምሳ ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ ሳያነሱ "ልጄ፣ እስቲ ጨው አቀብዪኝ" አሉኝ። አለመቅመሳቸውን ልብ በሉ። "አክስቴ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት እንጂ" ብላቸው ሳቁብኝና "ምነው፣ እናንተ አገር ጨው አይደርስም እንዴ?" አሉ።

ቀልዳቸው ታሪክ አለው። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ሲያገበያይ ኖሯል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚወጣበት ቦታ በተራቀ መጠን ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ጽፏል። እንግዲህ በእንደዚያ ያለ ዘመን እንግዳ ፊት የሚቀርብ ወጥ ጨው ካነሰው ባለቤቲቱ ምን ልትባል እንደምትችል አስቡት። ዛሬ ጨው ከሱቅ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው። እጃችን ግን እንግዳ ባየ ቁጥር ያንን የድሮ ክብር ይቆነጥራል። አክስቴን የምንመክር ሰዎች ይሄን ካልተረዳን የምንነግራቸው ሁሉ ክብር መንሳት ይመስላቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ አንድ ልኩን የጠበቀ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ከቁርስ እስከ እራት፣ ዳቦውም ወጡም ተደምሮ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት የእኛ አማካይ በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ዲማ አንድ የሚነሳ ክርክር አለ፦ "ሙቀት ነው፣ ላብ ነው፣ ጨው ያስፈልጋል።" ከንጋት ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወርቅ ሲቆፍርና ሲያጥብ የሚውል ጎረምሳ ይሄን ቢል እሰማዋለሁ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ የ70 ዓመት እናት ግን ከሙቀቱ የሚያድናቸው ውሃ ነው እንጂ ተጨማሪ ጨው አይደለም።

ወደ ድስቱ ልመለስ። ጨው ቀነስኩ የምትል ሴት ብዙ ጊዜ የቀነሰችው ወጡ ሲወርድ የምትነሰንሰውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስንቴ ገብቷል! በርበሬው ወፍጮ ቤት ሲሄድ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ጨው አብሮ ተፈጭቷል። ምጥኑ ሽሮም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ አዋዜው ውስጥ አለ። አንዳንዷ ቅቤ ስታነጥር ጣል ታደርጋለች። ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው፤ "ማጣፈጫ" እየተባለ ስለሚሸጥ ግን ማንም እንደ ጨው አይቆጥረውም። ስለዚህ አንዲት ቁንጥር ጨው ያልነካች ሴት ያቀረበችው ሽሮ ከባድ ጨው ሊኖረው ይችላል፤ እንግዳውም "ጨው የለውም አይደል?" ብሎ ተማምኖ ይበላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። በዓይን የሚታየው ጨው ቢያንስ ይታያል።

በዚህ በኩል ዕድለኛ የሚያደርገን እንጀራችን ነው። የጤፍ እንጀራ ሊጥ ላይ በተለምዶ ጨው አይገባም፤ ጣዕሙን የሚሰጠው እርሾው ነው። ያ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ምላስን ስለሚያነቃ ወጡ ላይ የጎደለውን ጨው ይሸፍናል። ዳቦ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዳቦ ያለ ጨው አይጋገርም ማለት ይቻላል።

ሌላው ዕድላችን ዲማ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከበላያችን ያለው ደን የቅመም አገር ነው። ኮረሪማና ጥምዝ በከፋ፣ በቤንችና በሸኮ ደን ጥላ ሥር ይበቅላሉ። እርድ የሚበዛበት የኪ ወረዳም ሩቅ አይደለም፤ ዋና ከተማው ቴፒ በቅመማ ቅመም የሚታወቅ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። አዲስ አበባ ያለች ሴት በትንሽ ብልቃጥ የምትገዛውን ጥምዝ እዚህ ገበያ ላይ በእፍኝ መግዛት ይቻላል። ይሄ ሁሉ ቅመም ደጃችን ላይ እያለ ወጥን በጨው ብቻ ለማጣፈጥ መሞከር፣ ለእኔ የሙያ ማነስ ነው።

ለአክስቴ የሠራሁት የአኮቦን ዓሣ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቄ ከተፍኩና ያለ ዘይት በዝግታ አቁላላሁት። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ያንኑ ይመጥጣል፣ ቀጥሎ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውሃ እየሰጡ ቡናማ እስኪሆን ማማሰል ነው። ያን ጊዜ የሚመጣው ጣፋጭነት የጨውን ግማሽ ሥራ ይሠራል። ዘይት፣ ቀጥሎ ያለ ጨው የተፈጨ በርበሬ፣ ቀጥሎ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በርከት አድርጌ። በርበሬው ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ በደንብ ይብሰል። ዓሣውን ሎሚ ነክቼ የጨመርኩት ቁሌቱ ካለቀለት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይበታተናል።

የጨው ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለመላው ድስት፣ ለአራት ሰው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ያውም ሊወርድ ሲል። መጀመሪያ ላይ የገባ ጨው መረቁ ውስጥ ሰምጦ ይቀርና ምላስ "አነሰኝ" ይላል፣ እኛም እንደግማለን። መጨረሻ ላይ የገባ ትንሽ ጨው ጎልቶ ይሰማል። ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ መከለሻውን ነሰነስኩ፤ ትኩስ የተቆላ ኮረሪማና ጥምዝ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። ከድኜ ትንሽ አቆየሁትና ትሪው ላይ ሳወጣው የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨመቅኩበት። ከጎኑ ጎመን በዝንጅብልና በቃሪያ፣ እንዲሁም ጠበስ ያለ ባምያ።

ያን ምሽት ቤታችን የተጣደው ድስት አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴም ልጆቼም የበሉት ያንኑ ነው፤ በአንድ ትሪ። ለነገሩ ከዚህ ሌላ መንገድ ያለም አይመስለኝም። እኛ ለየብቻ ሳህን የምንበላ ሕዝብ አይደለንም። ትሪው አንድ ነው፣ እጁ ብዙ ነው። ለእንግዳው የተለየ ወጥ በትሪው ጥግ ብታወጡለት እንኳ መሐል ያለው ጎላ ብሎ እየታየው ዝም ሊል አይችልም። እሱ ዝም ቢል ጎረቤት አለ። "በሞቴ አንዴ ብቻ" ተብሎ የቀረበ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤት ጨው የአንድ በሽተኛ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ወይ ሁሉም ይቀንሳል፣ ወይ ማንም አልቀነሰም።

የቤቱ ሰው መጀመሪያ ላይ ቢያጉረመርም አትደንግጡ። ምላስ የለመደውን ነው የሚፈልገው፤ በሳምንታት ውስጥ ትንሹን ይለምድና የድሮው ወጥ ራሱ ይመርረዋል።

አክስቴ ዓሣውን በሉ። "ይቺ ሽታዋ ምንድን ናት?" ብለው ስለ ጥምዟ ጠየቁኝ፣ ሲሄዱም በፌስታል ቋጠርኩላቸው። ጨው አላስታወሱም ብላችሁ ግን ውሸት ነው። ቡናው ላይ አስታወሱ! የወሎ ሰው ቡናውን በጨው ነው የሚያውቀው። እዚህም በአካባቢያችን የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ሲፈላ ጨው ጣል የሚያደርግበት ብዙ ነው። በቀን ሦስቴ ቡና በየስኒው ጨው ከተጨመረበት፣ እራቱ ላይ የተደከመው ሁሉ በረከቦቱ ላይ ያልቃል። በጤና አዳም ተደራደርን። አቦሉን በጤና አዳም ጠጡልኝ፤ ቶናው ላይ ግን እንቢ አሉ፣ ጨዋቸውን ጨመሩ። አልተከራከርኳቸውም።

ሁለት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በውጭ አገር ከጨው ከፊሉ በፖታሲየም የተተካ ጨው ይሸጣል። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች፣ ወደ 21 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ስትሮክን በ14 በመቶ መቀነሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዲያስፖራ ዘመድ ይሄን ጨው "ለእናቴ" ብሎ ቢልክላችሁ ግን ሳትጠይቁ አትስጡ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም እንደ አክስቴ ኤናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ሊበዛበት ይችላል፤ ያ ደግሞ ልብን ይጎዳል። ሐኪሙ ይወስን። ሁለተኛው፣ ጨው ቀንሱ ማለት አዮዲን የሌለውን ጥሬ ጨው ግዙ ማለት አይደለም። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የምትገዙት አዮዲን ያለው ይሁን፣ መጠኑ ይነስ። ኪኒናውም "ጨው ትቻለሁ" ተብሎ አይቋረጥም።

እና እባካችሁ፣ በርበሬ ለማስፈጨት የምትዘጋጁ እህቶች፣ ዘንድሮ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ኪሎ ለብቻ አስቀሩ። በደንብ የደረቀ በርበሬ ያለ ጨውም ይቆያል። ዕቃው ላይ "ያለ ጨው" ብላችሁ ጻፉበት፤ ደም ብዛት ያለበት ዘመድ የሌለው ቤት እንደሆነ የለም።