ስለ ጓሮ ምንጭ አጠባበቅ

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ያለ ውኃ ግን ከጥቂት ቀን በላይ መቆየት አይሆንለትም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች አገር ሲያቀኑ አስቀድመው የሚፈልጉት ውኃ ነበረ። በጓሮው ምንጭ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቤተ ሰቦቹ እንስራ አዝለው ሩቅ መንገድ አይሄዱምና። ነገር ግን ምንጭ ያለው ሁሉ ጥሩ ውኃ አለው ማለት አይደለም። እርሻ አራሚ፥ ከብትም እረኛ እንደሚሻ፥ ምንጭም ጠባቂ ይሻል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ተብሎ የተተረተው በከንቱ አይደለም።

የምንጭ ውኃ ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ ከዝናብ ነው። ዝናብ በተራራ ላይ በወረደ ጊዜ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰረገው ውኃ በአፈርና በአሸዋ መካከል ቀስ እያለ ሲወርድ፥ ጠጅ በጨርቅ እንደሚጣራ ይጣራል። በመጨረሻም ውኃ የማያሳልፍ ዐለት ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄድና ከተራራው ግርጌ ይፈልቃል። ስለዚህ ውኃው ከመሬት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከወጣ በኋላ ነው።

አስተዋይ ባለቤት ይህን ስለሚያውቅ የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ ይከድነዋል። ውኃውም በአሸንዳ እየወረደ ወደ ድንጋይ ገንዳ እንዲገባ ያደርጋል። ከዓይኑ በላይ ባለው ተዳፋት ጎርፉን ወደ ሌላ የሚመልስ ቦይ ይቆፍራል፤ ከብት እንዳይገባም ዙሪያውን ያጥራል። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ግን ሥራው አለቀ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የምንጭ ጠላት ብዙ ነውና። ቅጠል ወድቆ ይበሰብሳል፤ ደለል ይከማቻል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ድንጋይ ላይ አረንጓዴና የሚያዳልጥ ነገር ይበቅላል። አልቅት በገንዳው ውስጥ ይሸሸግና ከሚጠጣው ከብት፥ አንዳንድ ጊዜም ከሰው ጉሮሮ ይጣበቃል። ከሁሉም የሚከፋው ግን የሰውንና የከብትን እድፍ ይዞ የሚመጣው ጎርፍ ነው።

በአንድ ደጋ አገር አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ ምንጭ በጓሮው ነበረው። ከገንዳው የተረፈውም ውኃ በቦይ ወርዶ ከታች ወዳለችው መበለት ግቢ ይደርስ ነበረ። እርስዋም ከልጅ ልጅዋ ጋር ያንኑ ትጠጣ ነበረ። ገበሬው ከምንጩ በላይ ያለውን የጎርፍ መመለሻ ቦይ እንዲጠርግ ለታላቁ ልጁ ሰጠው።

ሐምሌ በገባ ጊዜ ቦዩ በቅጠልና በጭቃ ተሞላ። ልጁም፦ «ይህን ያህል ዝናብ እየዘነበ ቦይ መጥረግ ምን ይጠቅማል? ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል» ብሎ ተወው። በዚያ ሌሊት ጎርፉ ቦዩን ዘልሎ በምንጩ ላይ ወረደ። በማግስቱ ውኃው ቀይ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጠራ። ልጁም መጥራቱን አይቶ ደስ አለው፤ ለማንም አልተናገረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የመበለቲቱ የልጅ ልጅ ተቅማጥ ያዛት፤ ዓይንዋ ጎደጎደ፥ ለማልቀስም እንኳ ኀይል አጣች። ወደ ጤና ጣቢያም ተሸክመው ወሰዷት። አባትየውም ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ተዳፋቱ ወጣና የተደፈነውን ቦይ አየ። ልጁንም ጠርቶ አሳየው።

ልጁም፦ «አባቴ፥ ውኃው እኮ ጠርቷል፤ ይመልከቱት። ሕመሙ ከሌላ ቦታ መጥቶባት ይሆናል» አለ።

አባቱም፦ «ልጄ፥ ከሌላ ቦታ መጥቶ ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ አለመምጣቱን መማል እንችላለን ወይ? ውኃው ከግቢያችን ሲወጣ ስማችንም አብሮት ይወርዳል» ብሎ መለሰለት።

ልጁ የሚመልሰው ቃል አጣ። አባቱም አልመታውም፤ ዶማ ሰጠውና እስከ ማታ ድረስ አብረው ቦዩን ጠረጉ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ልጁ በየማታው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በማሰሮ ለመበለቲቱ ያደርስ ነበረ። ሕፃኒቱም በጤና ጣቢያ ታክማ ዳነች።

የጠራ ውኃ ሁሉ ጤና አለመሆኑ ከዚህ ይልቅ በታላቅ ጥፋት የታየበት ጊዜ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አጠገብ ኮሌራ ገባ። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 ሰው በላይ ሞተ። የዚያ መንገድ ውኃ በእጅ ከሚሳብ ጉድጓድ የሚወጣ ነበረ፤ ጣዕሙም የተመሰገነ ነበረ። ከዚያ ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት እንኳ ጣዕሙን ስለ ወደደች እያስመጣች ትጠጣ ነበረ፤ እርስዋም በኮሌራ ሞተች። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት እየዞረ መረመረ፤ አብዛኞቹም ከዚያ ጉድጓድ የጠጡ ሆነው አገኛቸው። በእርሱም ምክር የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። በኋላ በተመረመረ ጊዜ፥ ከጉድጓዱ 1 ሜትር በማይሞላ ርቀት ያለ የእድፍ ጉድጓድ ወደ ውኃው ይሰርግ እንደ ነበረ ታወቀ። ዓይን ያላየውን፥ ምላስም ያልለየውን ሰዎቹ ጠጡት።

እንግዲህ የምንጭ አጠባበቅ ሥርዓቱ ይህ ነው። በየቀኑ በገንዳው ላይ የወደቀውን ቅጠል መልቀም ይገባል፤ ይህ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ ድካም የለውም። ንጹሕ ያልሆነ ቅል ወይም ጣሳ ወደ ገንዳው አይነከርም፤ ውኃ ከአሸንዳው ይቀዳል።

በየሳምንቱ ገንዳውን ፈጽሞ ማድረቅ፥ ደለሉን ማውጣት፥ ድንጋዩንም በአሸዋና በመጥረጊያ ፈትጎ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ሳምንት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንኝ በቆመ ውኃ ላይ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕንቁላሉ ትል ሆኖ ክንፍ እስኪያበቅል ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። በየሳምንቱ የሚደርቅ ገንዳ ስለዚህ ትንኝ አያሳድግም። በቈላና በወይና ደጋ ወባ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ልብስ ግን በገንዳው ውስጥ አይታጠብም፤ የሳሙናው ውኃ ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለና።

በየዓመቱ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ የጎርፉን መመለሻ ቦይ መጥረግና አጥሩን ማደስ ይገባል። መስከረም ሲጠባ የተሰነጠቀውን ግንብ መርምሮ በሲሚንቶ መድፈን ያሻል። መጸዳጃ ቤት ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከምንጩም በታች ይሠራል እንጂ ከበላይ አይሠራም። ባሕር ዛፍም ከምንጭ አጠገብ አይተከልም፤ ብዙ ውኃ ይስባልና።

ይህ ሁሉ ቢፈጸም እንኳ የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት መልካም ነው። ከፍ ባለ አገር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያም ራሱ ተከድኖ ይቀዘቅዛል።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሥራ ትንሽ ስለ ሆነ አትናቁት። ቦይ የሚጠርግን ልጅ የሚያመሰግነው ሰው ጥቂት ነው፤ ያልደረሰ ሕመም አይታይምና። ቢሆንም በማለዳ ከአሸንዳው ውኃ የሚቀዳ ሁሉ፥ ከግቢያችሁም በታች የሚኖር፥ ስሙን የማታውቁት ሰው ሁሉ፥ የእጃችሁን ሥራ ይጠጣል።