የጋሼ ቮልስዋገንና የእኛ ቅዳሜዎች

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ከፍቶ በዘጋ ቁጥር አንድ ሙያ የጨበጠ ይመስለዋል። እኛም ከዚህ በሽታ ነጻ አለመሆናችንን ባለፈው ታኅሣሥ በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ላይ አስመስክረናል። ታሪኩን የምንጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የምንመጻደቅበት ነገር እንደሌለን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። የምንጽፈው ከጓደኞቻችን መካከል ነገ ጨርቅ ይዞ የሰው መኪና ሊያበራ የሚነሣ ቢኖር፣ ከእኛ ስሕተት በርካሽ ዋጋ እንዲማር ብለን ነው።

እኛ ሦስት ነን። ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በአንድ ጡረተኛ መምህር ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችንን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። ጋሼ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ኪራይ ስናዘገይ እንኳ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለው ያልፋሉ እንጂ የገንዘብ ነገር አያነሡም። ይህ ዝምታቸው ከጩኸት ይልቅ ስለሚያሳፍረን፣ ካቻምና ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን ማጠብ ጀመርን። የዕዳችንን ሸክም በላባችን የምናቃልል መስሎን ነበር።

መኪናዪቱ ጥቁር ሰማያዊ ቮልስዋገን ናት። ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ የዘሯ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው ዓይነት። ጋሼ ልጆቻቸውን ሁሉ ትምህርት ቤት ያመላለሱት በእርሷ ነው። በጥር ወር የመጨረሻዪቱን ልጃቸውን ሲድሩም ሙሽሪት ከአባቷ ቤት በእርሷ እንድትወጣ ቆርጠው ነበር።

ታዲያ በታኅሣሥ አንድ ረፋድ ላይ ፀሐይ በኮፈኗ ላይ ስታርፍ፣ ቀለሙ በሙሉ የሸረሪት ድር ያደራበት መስሎ ታየን። ቀጫጭን ጭረቶች የፀሐይዋን ምስል ከበው ክብ ክብ ሠርተዋል። እትዬ ከበረንዳ ላይ ሆነው አዩና «ይቺ የሙሽራ መኪና ሳትሆን በአመድ የተፈተገ ድስት ናት» አሉ። ጋሼ አልመለሱም። የሁለት ወር ኪራይ ያለብን እኛ ግን መለስን።

«እኛ እናበራታለን፣ ጋሼ።»

«ትችላላችሁ?»

«ይህማ ምን ችግር አለው!»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት የምናውቀው ለፈተና ብቻ ነበር።

ከሦስታችን አንዱ የፊዚክስ ተማሪ ነው። እርሱ እንዳስረዳን፣ ጭረቶቹ በእውነቱ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ከብርሃኑ መንገድ ጋር የሚሻገሩት ብቻ ስለ ሆኑ፣ በመብራቱ ዙሪያ የተደረደሩ ይመስላሉ። ሰውዬው ሲራመድ ክቡም አብሮት የሚሄደው ስለዚህ ነው። ጥቁርና ጥቁር ነክ ቀለም ላይ ደግሞ ይብሳል። «የሚጭረውም አቧራ ነው፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደቃቅ ከቀለም ይልቅ ጠንካራ ነው» አለ። አቧራውን በቀለሙ ላይ ያሸው የማን እጅ እንደ ሆነ ግን እርሱም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መፈግፈጊያ ቅባትና ሰም ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛን። በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ባልዲ ውኃ የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጠን፣ አሮጌ ካናቴራ ነክረን እንደ ልማዳችን ማሸት ጀመርን። በዚህ መካከል ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ትንሹ ሊስትሮ አንገቱን አስገብቶ አየንና ሳቀ።

«እናንተ ጫማውን ሳትጠርጉ ነው እንዴ የምትቀቡት?»

ልጁ ያለው እውነት ነበር። ሊስትሮ አስቀድሞ ጭቃውን በውኃ ያስለቅቃል፤ ከዚያ ይጠርጋል፤ ከዚያ ይቀባል፤ በመጨረሻ በለስላሳ ጨርቅ ያብሳል። እኛ ግን አቧራውን ሳናስለቅቅ ያንኑ አቧራ በጨርቅ አፍነን ቀለሙ ላይ እንስለው ነበር። ጨርቁን የምንዘፈዝፈውም መልሰን በዚያው በደፈረሰ ባልዲ ውስጥ ነው። ሦስታችንም ተያየን። ነገር ግን ልጁ ፊት መማር አሳፈረንና «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» ብለን መለስነው።

ሲሄድ ግን እንዳለው አደረግን። መጀመሪያ በብዙ ውኃ አቧራውን ከላይ ወደ ታች አወረድነው። ሁለተኛ ባልዲ አመጣን፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። የልብስ ሳሙናው ሰሙን የሚያስለቅቅ ስለ ሆነ፣ ለመኪና በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ለወጥነው። መኪናዪቱን ወደ ጥላ ገፋናት፤ በጋለ ብረት ላይ ቅባቱ ሳይሠራ ይደርቃልና። በማይታይ ጥግ ላይም ሞከርን።

በዚያ ሙከራ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ልባችን ቀጥ አለ። ቀለሟን የላጥናት መሰለን። በኋላ አንብበን እንደ ተረዳነው፣ እንዲህ ባሉ አሮጌ መኪኖች ቀለሙ ራሱ የላይኛው ገጽ ነው፤ ሲፈገፈግ በፀሐይ የሞተው ደቃቅ ወደ ጨርቁ ይወጣል። የዛሬ መኪኖች ግን ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን አላቸው፤ ስለዚህ ጨርቁ ላይ ቀለም አይታይም። ያ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል። የሰው ጠጉር ወደ 70 ማይክሮን እንደሚወፍር ሲታሰብ፣ ሰው በኃይሉ ታምኖ የሚፈገፍገው ነገር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ይገባዋል። ጭረት «ጠፋ» የሚባለውም ተሞልቶ ሳይሆን ዙሪያው ተልጎ ከእርሱ ጋር ሲስተካከል ነው። እያንዳንዱ ድምቀት ከቀለሙ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ሆነ። እንደ ባቄላ ፍሬ የምታህል ቅባት በስፖንጅ ላይ እያደረግን፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ እየለየን፣ ቀስ ብለን አሸን። ጠርገን በስልክ መብራት ስናይ ድሩ ሳስቶ፣ ከሥሩ እውነተኛው ሰማያዊ ብቅ አለ። እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩን። ያ ቡና አበላሸን፤ ምስጋናው ከሥራው ቀደመ።

በሁለተኛው ቀን ክንዳችን ዝሎ ነበርና፣ ከእኛ አንዱ ከእንጨት ሥራ ቤት ድሪል ተውሶ መጣ። ጫፉ ላይ ስፖንጅ አሰርንበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የቀኝ በሯን ጨረስንና ወደ ኮፈኗ ዞርን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነው የሚለቀም አልነበረም። በኮፈኗ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ግራጫ ነጥብ ብቅ አለች። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ የማሽኑም ግፊት የሚበረታው በዚያው ላይ ነው። አስቀድመን የወረቀት ፕላስተር ልንለጥፍበት ይገባን ነበር። ያየነው የቀለሙን መሠረት ነበር።

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። የተናገረ አልነበረም። ሲመሽ ከመካከላችን አንዱ ወደዚያ ወደ አባረርነው ሊስትሮ ሄዶ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዝቶ መጣ። በአምፖል ብርሃን ቀባነው፤ ጠፋ። «ማንም አያውቅም» ተባባልን። ሌሊቱን ግን ሦስታችንም አልተኛንም፤ የተኛ ለመምሰል ብቻ ግድግዳ ግድግዳውን አየን። ከነጋ በኋላ ማን እንደ ጀመረ አናስታውስም፤ ብቻ ሦስታችንም ጋሼ በር ላይ ቆመን ተገኘን።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወጡ። በጣታቸው ነጥቧን ጠረጉ፤ የጠቆረ ጣታቸውን አዩ።

«ይህን ለመሸፈን ያጠፋችሁት ጊዜ ቢተርፍ፣ እንቅልፋችሁን በተኛችሁ ነበር» አሉ።

የፊዚክሱ ጓደኛችን ከዚያ በኋላ መቻል አቃተው።

«ጋሼ፣ ጭረቱ ራሱ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ከቅዳሜዎቹ ነዋ!»

«ያውቁ ነበር?»

«ከመስኮት ሆኜ አያችሁ አልነበረም? ጨርቃችሁ መሬት ይወድቃል፤ ታነሡትና መልሳችሁ ታሹበታላችሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። «ልጅ ሊረዳኝ ሲመጣ እጁን መመለስ አልወድም» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ሳየው ግን ተሳስቻለሁ። የዕድሜ ልክ አስተማሪ ነበርሁ፤ ሁለት ደቂቃ ብነግራችሁ ኖሮ እርሷም አትጫርም፣ እናንተም አትታለሉም ነበር። ዝምታዬ ደግነት መስሎኝ ነበር» አሉ።

ወገኖቻችን፣ እኛን የነካን ግራጫዋ ነጥብ አይደለችም፤ ይህ ቃል ነው። ዕዳችንን እናቃልላለን ብለን ሳምንት በሳምንት ዕዳ ስንጨምር ኖረናል፤ የሚያውቀውም ሰው ስለ ወደደን አልነገረን። በመኝታ ክፍላችን፣ በየስብሰባችንም የጓደኛችን ንግግር ባዶ መሆኑን እያወቅን «ግሩም ነው» ብለን የምናጨበጭበው እንዲሁ አይደለምን? ያላወቀ እጅ ይጭራል፤ ያወቀ አፍ ዝም ሲል ደግሞ ጭረቱ ይበዛል። ሰም የሚሠራውን ሥራ ምስጋናም ይሠራል፤ ጭረቱን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

የቀረውን በእጃችን ጨረስን፤ ድሪሉን መለስን። ተመሳሳይ ቀለም ከኪሳችን አስበጥብጠን ነጥቧን በቀጭን ብሩሽ ነካናት፤ ከቅርብ ለሚያይ አሁንም ትታወቃለች። ሊስትሮውንም ይቅርታ ጠየቅነው፤ ጫማችንን ግን በነጻ አልጠረገልንም። ኪራዩም አልተማረልንም፤ የሠፈር ልጆች ሒሳብ አስጠንተን በየካቲት ከፈልን።

በሠርጉ ቀን መኪናዪቱ አበባዋን ደርባ ስትወጣ፣ ሰማይና ዛፍ በጎኗ ላይ ይታይ ነበር። አንድ ዘመድ ኮፈኗ ላይ ጎንበስ ብሎ «ይህች ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «የተማሪዎቼ ፊርማ ናት» ብለው በሩን ለልጃቸው ከፈቱላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እናጥባለን። ባልዲው ሁለት ሆኗል፤ ጋሼም ከመስኮቱ ወርደው አጠገባችን ወንበር አስቀምጠዋል፤ ስንሳሳትም ይጮኹብናል።