ያልለመደ ዓይን

«ችግር ብልሃትን ይወልዳል» ሲባል እየሰማን አድገናል። ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ችግሩማ የሁላችንም ነበረ፤ ብልሃቱ የተወለደው ችግሩን ገና ካልለመደው ዓይን ዘንድ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ በየባንኩ ደጃፍ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ተቀመጠ። እጁን ሊያነጻ የመጣ ሰው ግን አስቀድሞ ሁሉም የነካውን ጠርሙስ መንካት ነበረበት። እኛ ከመስኮቱ ኋላ የምንቀመጠው፣ በሲባጎ የታሰረች እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር እያየን «ምን ይደረግ!» እንል ነበር። የወልቂጤው ልጅ ኢዘዲን ካሚል፣ ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት፣ ያንኑ ቃል እንደ ጥያቄ ወሰደው፤ እጅ ሲቀርብለት ሳይነካ ሳሙና የሚያፈስ መሣሪያ ሠራ።

ሄመን በቀለንም አስቡት። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በፀሐይ ሐሩር ሲሠሩ ያያቸው የቀን ሠራተኞች ግን ከልቡ አልወጡም። ለቆዳ ካንሰር በርካሽ የሚገኝ ሳሙና አሰበና በ2016 ዓ.ም. የታይም መጽሔት «የዓመቱ ልጅ» ተባለ። ሐሳቡን የሚፈትንበት ቤተ ሙከራም አገኘ።

እዚህ ላይ የሥራዬ ነገር ይመጣብኛል። አንድ ናሙና ሺህ እንዲሆን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባንክ ደግሞ መያዣ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ የቁም ከብትና ሰብል ሳይቀር መያዣ እንዲሆኑ በር ከፍቷል። ተማሪ ግን ላምም በቆሎም የለውም፤ ያለው ደብተር ነው። ቤትና መኪና የሚገምት ባለሙያ አለን፤ ደብተር የሚገምት ግን እስካሁን አላየሁም።

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባሉ ጓሮዎች እናቶች ዛሬም እንሰቱን በእግራቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ በእጃቸው ይፍቃሉ። መፋቂያ ማሽን ተሠርቷል፤ ወደ ብዙው ጓሮ ግን አልደረሰም። እኛ ቆጮውን በክትፎ እየበላን «ባህል ነው» ብለን እናልፋለን። ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ግን ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ታያለች። «እማ፣ ይኼ ነገር እንዲህ ባያደክምሽስ?» ትል ይሆናል።

ያን ጊዜ «ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ» አንበላት። እያጠናች ነውና።